ካፒቴን ሽዊሸንግ ሲሻገር

ካውሹንግ፣ ኦክቶበር 21

ይድረስ ለአማ ሹኳን፣

አማ፣ እንደ ደሴቱ ልጆች አያቴ ልበልዎትና፣ ከተለያየን ወዲህ እንዴት ከረሙ? ነፋሱስ? እኔ ደህና ነኝ። ካፖርቴ ላይ ግን እስከ ዛሬ የቤትዎ የደረቅ ዓሣ ሽታ አለ። የሥራ ባልደረቦቼ በአጠገቤ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ አላሳጠብኩትም።

ወደቡ ላይ ስንሰነባበት እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው የጠየቁኝን ነገር እዚያው ባለመመለሴ ይቅር ይበሉኝ። ጓደኞቼ ጀልባው ላይ ሆነው እየጠሩኝ ነበር፤ ደግሞም በችኮላ የሚመለስ አልነበረም። መልሱ ይኸውና፦ ባለቤትዎ አይበርዳቸውም። ያሉበት ክፍል ከየትኛውም የዓሣ ማቀዝቀዣ የባሰ ቀዝቃዛ መሆኑን አልደብቅዎትም። ነገር ግን በየጠዋቱ ስንገባ በሩ ላይ ቆመን፣ ጎንበስ ብለን «መምህር፣ እንደምን አደሩ» እንላቸዋለን። እዚህ ማንም ሰው አስከሬን ብሎ አይጠራቸውም። ገላቸውን ለሐኪሞች መማሪያ የሰጡትን ሁሉ የምንጠራቸው ዝምተኛ መምህራን ብለን ነው።

በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። «ዛሬ ዓሣ የለንም» ብለው ዘጉብኝ።

አሁን እኔም አንድ ልመና አለኝ። መምህሩን በእጃችን ከመንካታችን በፊት ቤታቸው ሄደን፣ ማን እንደነበሩ ሰምተን፣ ሕይወታቸውን በአንድ ገጽ ጽፈን ከራስጌያቸው መስቀል ወጋችን እንደሆነ ነግረንዎታል። የሚጽፈው ደግሞ በእሳቸው ላይ የሚሠራው ሐኪም ነው፤ ማለትም እኔ። ገጹ ግን አልሞላልኝም። ቤትዎ ሳለን ስለ ጀልባው ሞተር ብዙ አጫወቱን፤ ስለ ጀልባው ባለቤት ግን እምብዛም። ሥልጠናው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው። ካፒቴን ያን ሽዊሸንግ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አክባሪዎ፣
ፓን ዪሩ


ፔንግሁ፣ የሰሜኑ ነፋስ በገባ በሳምንቱ

ለልጄ ለዪሩ፣

ካፖርቱን እጠቢው። ዓሣው ከገበያ የተገዛ ነው፤ የሽዊሸንግ እጅ የለበትም።

ስልኩንም እርሺው። የእኔ ጆሮ ከሽዊሸንግ ቀድሞ ነው የሞተው። በዚህ ደሴት ላይ ሳልቸገር የምሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም የጎረቤታችን የመድፉ። ይህን ስም ያወጣለት ሽዊሸንግ ነው። መድፉ ሲያንሾካሹክ እንኳ ወደቡ በሙሉ ይሰማዋል። እሱም ጀልባ ነበረው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በተሳፋሪ ሲጣሉ ኖሩ፤ ማታ ማታ ደግሞ አብረው ቼዝ ይጫወቱ ነበር።

ሽዊሸንግ ቀልደኛ ነበር። ሞተር ሲበላሽበት ይሳደባል፣ ሰው ሲበድለው ግን ዝም ይላል። ከደሴታችን ወደ ማጎንግ ከተማ ወደብ ሰው ሲያመላልስ ኖረ፤ ሕያውም ሙትም። አንቺ የከተማ ልጅ ብትሆኚም ይህን አታጪውም፦ የሞተ ሰው ሲጓዝ መንገዱን ካልነገሩት ይቀራል። ድልድይ ላይ «ድልድይ እየተሻገርን ነው»፣ መታጠፊያ ላይ «እየታጠፍን ነው» ካላሉት ነፍሱ እዚያው ቆማ ትቀራለች። ዘመድ እያለቀሰ ይረሳዋል። ሽዊሸንግ ግን የሬሳ ሣጥን ከጫነ መሪውን እንደያዘ እሱ ራሱ ነበር የሚጠራው። «አያ እገሌ፣ ነጩን የመብራት ማማ አለፍን! ማዕበል መጥቷል፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ! አይዞህ፣ ዛሬ እንኳ አታስመልስም!» ይል ነበር። ሐዘንተኛው ሁሉ እያለቀሰ ይስቃል። በገጽሽ ላይ ይህን ጻፊ።

አሁን ደግሞ እናንተ ቤቴ ቁጭ ብላችሁ ኑድል ስትበሉ የደበቅኳችሁን ልንገርሽ። እንግዳ ፊት የቤት ገመና አይወጣም ብዬ ነው።

ሽዊሸንግ ማጎንግ ሆስፒታል ሲሞት፣ እንደ ተናዘዘው በቶሎ ወደ እናንተ መድረስ ነበረበት። ይዞት የሄደው ልጄ ጂያሚንግ ነው። እኔ ወገቤ ይዞኝ ቀረሁ። ጂያሚንግ ከልጅነቱ ባሕር አይወድም። የካፒቴን ልጅ ሆኖ ውሃ ባየ ቁጥር ያስመልሰዋል። እና የማቅለሽለሽ ክኒን ዋጠና መርከቡ ላይ ተኛ! ካውሹንግ ሲደርስ ሠራተኛ ነው የቀሰቀሰው። ያን ሁሉ ባሕር አባቱን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራውም። አገሩን ሁሉ ሲያሻግር የኖረ ሰው፣ እሱን የሚያሻግር አጣ።

በመሠዊያው ፊት፣ ሙታን የሚጠየቁባቸውን ሁለቱን ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ እንጨቶች ጥዬ «ደርሰሃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሁለቱም ጎባጣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ። አልደረስኩም ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሦስቱንም አልደረስኩም አለ። ልጄ፣ እናንተ ጋ ያለው ገላው ብቻ ነው። እሱ ራሱ ማጎንግ ወደብ ላይ ቆሞ የቱ መርከብ እንደሆነ ጠፍቶት ይፈልጋል።

ስለዚህ የፈቃድ ፊርማዬን አንስቻለሁ። ባሌን መልሱልኝ። በወጉ ጠርቼው እቀብረዋለሁ። አንቺን ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ።

ሹኳን


ካውሹንግ፣ ኖቬምበር 6

ይድረስ ለአማ ሹኳን፣

ደብዳቤዎም፣ እሱን ተከትሎ የላኩት ፖስትካርድም ደርሰውኛል። በፖስትካርዱ ላይ «በእሱ ምትክ ሌላ ሰው የላችሁም ወይ?» ላሉት ጥያቄ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ፦ ደብዳቤዎን ለመምህሬ ለፕሮፌሰር ዡዎ አሳይቻለሁ። ያለ ፈቃድዎ ስላሳየሁ ይቅርታ። ሁለቴ አነበቡትና መነጽራቸውን አውልቀው «ሴትየዋ ትክክል ናቸው» አሉ። «ግን ፕሮፌሰር፣ ሥልጠናው...» ስላቸው «ሥልጠናው ምን? የሰው ባል ነው፣ ዕቃ አይደለም» ብለው ተቆጡኝ። እስከ ሥልጠናው መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ጠዋት ድረስ የእርስዎ አንድ ቃል ይበቃል። ማንም አይከራከርዎትም።

የጥያቄዎ መልስ ግን የለም የሚል ነው። ልዋሽዎት አልችልም። ሌላ ሰው የለንም።

ምክንያቱን ልንገርዎት፤ ለማግባባት አይደለም፣ ስለጠየቁኝ ነው። ባለፈው ማርች ካፒቴን በስትሮክ ሲወድቁ አንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር የዘጋ የረጋ ደም ነበር። ያንን ደም ጎትቶ የሚያወጣ ሐኪም ያለው እዚህ ነው። ሄሊኮፕተሩ ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠበቀ፤ አንጎል ግን አይጠብቅም። አሁን አንድ አዲስ ማሽን መጥቷል። ሐኪሙ ካውሹንግ ተቀምጦ መሪውን ይይዛል፤ ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ማጎንግ በተኛው በሽተኛ ጭን ገብቶ፣ በደም ሥር ውስጥ አልፎ አንጎል ድረስ ይሄዳል። በመሃል ያለውን ባሕር ነፋስ ቢዘጋውም አይመለከተውም። መጀመሪያ ሲያሳዩኝ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። በዚያ ቀን ካፒቴን ያጡት ይህንን ነው።

ሕያው ሰው ላይ ከመሥራቴ በፊት ግን በእውነተኛ የሰው ገላ መማር አለብኝ። በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ብዙ ሠርቻለሁ፤ ላስቲክ ስሳሳት ዝም ይላል። የካፒቴን የደም ሥር ደግሞ እንደ ብዙ አዛውንት ጠመዝማዛ ነው። ፕሮፌሰር «በእሳቸው መንገድ ከሄድሽ በማንም መንገድ ትሄጃለሽ» ብለውኝ ነበር። ሌላ መምህር እስኪገኝ ማሽኑ ሥራ አይጀምርም፤ የዘንድሮው ነፋስ ደግሞ ገብቷል። እውነቱ ይኸው ነው። እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ይህንን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እኔ ያደግኩት ፎቅ ላይ ነው፤ አያቴ ሲሞቱም አምቡላንስ ነው የወሰዳቸው። መጥራት እንዴት ነው? ቃሉስ ምንድን ነው? ሊጠራ የሚችለውስ ማን ነው?

አክባሪዎ፣
ዪሩ


ፔንግሁ፣ ባሕሩ በተዘጋ በማግስቱ

ለዪሩ፣

ያ ፕሮፌሰርሽ «ትክክል ናቸው» ማለቱ አናደደኝ። ተቆጥቶ ቢጽፍልኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ ነገሩን እዚያው በጨረስኩት ነበር። አሁን ማታ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ያን የማርች ቀን ስለጠቀስሽው አልቀየምሽም። ሄሊኮፕተሩን ስንጠብቅ እኔ እግሩን እያሸሁ ነበር። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ አፉ ግን እምቢ ብሎታል። ያ ሁሉ ቀልድ ውስጡ ተቆልፎ ቀረ። ከሞቱ ይልቅ አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

መጥራት ለጠየቅሽው ከባድ ነገር አይደለም። በስሙ ትጠሪዋለሽ። ድምፅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ ሙት ጆሮው እንደ እኔ ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ እንዳይሆን፣ በእኛ በደሴቱ ንግግር ነው። ያለበትን ትነግሪዋለሽ፣ የሚመጣውን ትነግሪዋለሽ፣ በቃ። «ተነሳን፣ ተከተል። እየታጠፍን ነው፣ ተከተል። ድልድይ እየተሻገርን ነው፣ አትፍራ።» ሰው ሲመራው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሙትም ሆነ ሕያው።

የሚጠራው ልጅ ነው። ልጅ ከሌለ ከቤቱ የበላ ሰው ይበቃል። አንቺ ከቤቱ በልተሻል፤ ያውም ሁለት ሳህን። ግን ልጅ አለ። ጂያሚንግ ታይቹንግ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። መተኛቱን ነግሮኝ ካለቀሰ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም። ስልክ ይደውላል። እንደማልሰማ ያውቃል፤ የሚደውለውም ለዚያው ነው።

ለመድፉ ነገሩን ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሽዊሸንግ መንገድ ጠፋበት? ቆሞ ሳለ መቼ መንገድ ያውቅ ነበር!» አለኝ። መጥረጊያ አንስቼ አባረርኩት። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

ቃሌን አላጠፍኩም። ከመክፈቻው በፊት መጥቼ እወስደዋለሁ።

ሹኳን


ካውሹንግ፣ ኖቬምበር 24

ይድረስ ለአማ ሹኳን፣

ማጎንግ ድረስ መጥቼ ቤትዎ ሳልደርስ በመመለሴ በጣም አፍሬያለሁ። መድፉ ወደቡ ላይ አይቶኝ ኖሮ ነግሮዎታል መሰለኝ፤ አለበለዚያ ለጂያሚንግ በጻፉት ደብዳቤ ያን ቁጣ አይልኩብኝም ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ።

ጂያሚንግን ፋብሪካው በር ላይ አገኘሁት። ነጩን ልብሴን ሲያይ እናቱ የሞተች መስሎት ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። የመጣሁበትን ስነግረው «ዶክተር፣ እኔ እኮ መርከብ ላይ ሰው አይደለሁም» አለኝ። «እኔም ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሰው አይደለሁም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩት። ሳቀ። በሳምንቱ አብረን ወደ ማጎንግ መጣን፤ እሱ የአባቱን ፎቶግራፍ በደረቱ ይዞ፣ ክኒን ሳይውጥ።

መርከቡ ከማጎንግ ሲነሳ መጥራት ጀመረ፤ ግን በሹክሹክታ። «አባዬ... ተነሳን...» ነፋሱ ከአፉ ነጥቆ ወሰደው። «ጂያሚንግ፣ የምትጠራው እኮ ካፒቴን ነው» አልኩት። የመብራት ማማው ጋ ስንደርስ የመርከቡን መደገፊያ ብረት በሁለት እጁ ያዘና ጮኸ፦ «አባዬ! ነጩን ማማ አለፍን! ተከተለን!» ከዚያ አስመለሰው። አፉን ጠርጎ እንደገና ጮኸ። እንዲህ እያለ ሄደ፤ ያስመልሳል፣ ይጠራል። እሱ ትንፋሹን ሲያጣ እኔ እጠራለሁ። ንግግሬን ቢሰሙት በሳቅ ይሞታሉ።

ተሳፋሪው መጀመሪያ ዓይኑን አፈጠጠብን። ኋላ አንዲት ኦቾሎኒ የጫኑ ሴትዮ መጥተው ፎቶግራፉን ዝቅ ብለው አዩና «ይህ ሽዊሸንግ አይደለም እንዴ?» አሉ። ነው ስንላቸው ዘንቢላቸውን አስቀምጠው፣ መደገፊያው ብረት ጋ ቆመው ከሁላችን በላይ ጮኹ፦ «ሽዊሸንግ! እናቴን ያሻገርካት! ማዕበል መጥቷል፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ! ዛሬ እንኳ አታስመልስም!» ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከዚያ ሁለት መነኮሳት፣ ከዚያ ማን እንደሆነ የማያውቁት ወጣቶች ሁሉ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው መጡ። ካውሹንግ ወደብ ስንገባ የመርከቡ ፎቅ በሙሉ «ደረስን! ደረስን!» ይል ነበር። አማ፣ ብዙ ዓመት ሕክምና ተምሬያለሁ፤ ሰውነቴን እንደዚያ ቀን ሲወረኝ አላስታውስም።

የታክሲው ሹፌር ፎቶግራፉን ሲያይ ምንም ሳንነግረው ዘፈኑን አጠፋ። ድልድይ በመጣ ቁጥር ፍጥነቱን እየቀነሰ «ድልድይ ነው» እያለ አስታወሰን። የቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ጂያሚንግ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ «አባዬ፣ እዚህ ነው» አለ።

መድረስ አለመድረሳቸውን እኔ አላውቅም። እንጨቶቹ ያሉት እርስዎ ጋ ነው። ያሉትን እቀበላለሁ።

አክባሪዎ፣
ዪሩ


ፔንግሁ፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን

ለልጄ ለዪሩ፣

መድፉ ነው ያነበበልኝ፤ ዓይኔ ውሃ ሞልቶብኝ ፊደሉ ተምታታብኝ። መሃል ላይ እሱም ቆመ። «ጉንፋን ይዞኛል» አለ።

እንጨቶቹን ጣልኩ። መጀመሪያ ሁለቱም ልሙጥ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ። ይህ ሳቅ ነው፤ ሙት ሲስቅብሽ እንዲህ ይወድቃሉ። «ተው ሽዊሸንግ፣ ቁም ነገር ነው» ብዬ ደገምኩ። አሁንም ሳቀ። በሦስተኛው አንዱ ልሙጥ፣ አንዱ ጎባጣ ሆኖ ወደቀ። ደርሻለሁ አለ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፊርማዬ ባለበት ይቆይ። እናንተ ዘንድ ይሁን።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሻለሁ፤ እምቢ ካልሽ እንጣላለን። ሽዊሸንግ ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው ነው። በሰው ጀልባ ሲሳፈር የት እንዳለ ካልነገሩት ይቁነጠነጣል። ያን ሽቦሽን ይዘሽ ስትገቢ፣ እያንዳንዷን መታጠፊያ ንገሪው። ጮክ ብለሽ፣ በእኛ ንግግር። ሰው ይስቅብኛል ብለሽ እንዳትተይው።

ባሕሩ ከፈቀደልኝ ለመክፈቻው እመጣለሁ። አዲስ ሹራብ ገዝቻለሁ።

ሹኳን


ካውሹንግ፣ ዲሴምበር 19

ይድረስ ለአማ ሹኳን፣

ነፋሱ መርከቡን ዘግቶ በሹራብዎ ወደቡ ላይ መቅረትዎን ጂያሚንግ ነገረኝ። ያ ነፋስ ሁለተኛ ጊዜ ከካፒቴን ለየዎት። በጣም አዝኛለሁ።

በጂያሚንግ በኩል ለጠየቁኝ፦ ፊታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ስለነበር ፈገግ ማለታቸውን ላረጋግጥልዎ አልችልም። ያየሁትን ሁሉ ግን እነግርዎታለሁ።

ጠዋት ተሰልፈን ቆመን፣ የጻፍኩትን ገጽ ለሁሉም አነበብኩ። «ዛሬ እንኳ አታስመልስም» የሚለው ጋ ስደርስ ፕሮፌሰር ዡዎ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባን። ገላቸው ከቅዝቃዜው ወጥቶ፣ ቀስ በቀስ ለስልሶ፣ ልክ እንደተኛ ሰው ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም። በቅርብ ጊዜ በተገኘ ዘዴ፣ ሞቅ ያለ ቀይ ፈሳሽ በፓምፕ በደም ሥራቸው ውስጥ ይለቀቃል፤ ልክ እንደ ልብ እየመታ። ፓምፑ ተከፈተ። ነርሷ እጄን ይዛ ጣቴን ብሽሽታቸው ላይ አኖረችው። ትንሽ ምንም የለም። ከዚያ መታ። እንደገና መታ። ገላቸው ሞቀ። ይህን የሠሩት መሐንዲሶች ናቸው፣ ፓምፕ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አማ፣ ባለቤትዎ ጣቴን መቱኝ። ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ከዚያ እኔ ወደ ሌላው ሕንፃ ሄድኩ። ማጎንግና ካውሹንግ እንደሆንን ለማስመሰል ነው። ፊት ለፊቴ ስክሪን፣ በእጄ መሪ፣ አፌ ላይ ማይክሮፎን። እሳቸው ያሉበት ክፍል ጣሪያ ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አለ። ልመናዎ ትዝ አለኝ።

«ካፒቴን፣ ከጭን ተነስተናል፣ ተከተሉን» አልኩ። አንድ ተለማማጅ ፈገግ አለ፤ ፕሮፌሰር ዞር ብለው ሲያዩት ጠፋበት። «ወገብ ላይ ነን። ቀጥ ያለ ውሃ ነው። አሁን ከልብ በላይ ያለው ትልቁ መታጠፊያ መጣ፣ እየታጠፍን ነው።» አንገታቸው ጋ መንገዱ እንደ እባብ ነበር። ሽቦው እምቢ አለ። የላስቲኩ አሻንጉሊት ቢሆን ገፋ አደርግ ነበር። ፕሮፌሰር ከኋላዬ «አትግፊ። ንገሪያቸውና ጠብቂ» አሉኝ። «ካፒቴን፣ እዚህ ጋ ማዕበል አለ። ትንሽ ወደ ኋላ እንላለን» አልኩ። መለስ አልኩ፣ አዞርኩት። ሽቦው ራሱን አጠፍ አድርጎ እንደ ዓሣ ሾልኮ አለፈ። «ድልድይ እየተሻገርን ነው!» ብዬ ስጮኽ ነርሷና አብረዋት ያሉት በዚያ በኩል «እየተሻገርን ነው!» ሲሉ በማጉያው ሰማኋቸው።

ለመማሪያ ያስገባነውን የረጋ ደም ስጎትተው፣ ስክሪኑ ላይ ጨልሞ የነበረው የአንጎላቸው ጎን በሙሉ በራ። የደም ሥሮቹ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሲሞሉ አየሁ። ሰው ውስጥ ይህን ያህል መንገድ አለ፤ እሳቸው ደግሞ አንድም ሳይሰስቱ ሁሉንም አሳዩኝ። እጄን በአፌ ጭኜ ቀረሁ። ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ስጠራቸው እጄ አይንቀጠቀጥም። አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

ማታ በንጹሕ ክር ሰፍተን፣ አጥበን፣ ነጭ ልብስ አለበስናቸው። ሣጥኑን የተሸከምነው እኛው ነን፤ ጂያሚንግ ከፊት ሆኖ መንገዱን እየጠራ። ከማቃጠያው የተረከበውን አመዳቸውን ባሕሩ እንደተከፈተ ያመጣልዎታል። ክኒን አልውጥም ብሏል።

አክባሪዎ፣
ዪሩ


ካውሹንግ፣ ፌብሩዋሪ 12

ይድረስ ለአማ ሹኳን፣

እንኳን ለጨረቃው አዲስ ዓመት በደህና አደረሰዎት። የላኩልኝ የኦቾሎኒ ጣፋጭ አንድ ቀን አላደረም፤ ፕሮፌሰር ዡዎ ብቻቸውን ግማሹን ጨረሱት።

ሐሙስ ዕለት ስለሆነው ነገር በጂያሚንግ በኩል መጠየቅዎን ሰምቻለሁ። ልነግርዎት አልችልም። የበሽተኛን ስም ማውጣት ሕጋችን አይፈቅድም፣ የመጣበትንም ቦታ ቢሆን። ነፋስ እንደነበር ያውቃሉ፤ ሄሊኮፕተር እንዳልተነሳም ያውቃሉ። እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ሽቦው ደግሞ ማጎንግ። የመጀመሪያው ሕያው ሰው። በደህና መጠናቀቁን ብቻ እነግርዎታለሁ። ስጨርስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ፣ እባክዎ።

ዪሩ


ፔንግሁ፣ ነፋሱ ጋብ ባለ ቀን

ለልጄ ለዪሩ፣

ሕግሽን ጠብቂ፣ ደግ አደረግሽ። ግን ምኑን ነው የምትደብቂው? መድፉ ራሱ ለደሴቱ በሙሉ አውርቷል፤ ያልሰሙት ዓሦቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም እጠራጠራለሁ።

አንቺ በማጉያው በኩል ሰምተሻል፤ እሱ እንዴት እንደሚያወራው ግን አልሰማሽም። ስለዚህ ልንገርሽ።

ሐሙስ ጠዋት ከቤቴ ፊት ለፊት መረብ ሲጠግን ነበር። የሆነ ነገር ተናገረኝ፤ አልሰማሁትም። ልጄ፣ የመድፉን ድምፅ አልሰማሁትም! ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ልክ እንደ ሽዊሸንግ። ያኔ የጮህኩት ጩኸት ደሴቱን ሰበሰበው። በዚያ ነፋስ እንዴት በጀልባ ማጎንግ እንዳደረሱት አልጠይቃቸውም፤ እኔ ግን ወደቡ ላይ ቆሜ ሄሊኮፕተር የሚመጣበትን ሰማይ እያየሁ፣ ማርች ተመልሶ መጣ እያልኩ ዋልኩ።

አሁን እሱ የሚለውን ስሚ። «ጠረጴዛ ላይ አጋደሙኝ። ግማሽ ገላዬ የለም። ምላሴ እንደ ሞተ ዓሣ ሆኗል። ሁሉም ፊቱን ሸፍኗል። በዚህ መሃል ከጣሪያው የሴት ድምፅ መጣ። «አጎቴ፣ ከጭን ተነስተናል፣ ተከተሉን!» ያውም በእኛ ንግግር። ቀዝቀዝ አልኩ። «እየታጠፍን ነው!» አለች። በቃ፣ ሞቻለሁ፣ ወደዚያኛው ዓለም እየወሰዱኝ ነው አልኩ። ሬሳ ሲጠራ ስሰማ ነው ያረጀሁት፣ አታታልለኝም! ከዚያ «ድልድይ እየተሻገርን ነው፣ አይፍሩ!» ስትል ውስጤ ተቆጣ። ልጮኽ ፈለግኩ፣ አፌ አልከፈት አለ። ታገልኩ። ታገልኩ። በድንገት የሆነ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ በር ተከፈተ...»

ቀጥሎ ያለውን አንቺ ራስሽ ሰምተሻል። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር አሉ፦ «ማነው ሞተ ያለሽ? አልሻገርም! ጀልባውን አዙሪ!»

የማጎንግ ሆስፒታል ነርስ ለመድፉ ሚስት እንደነገረቻት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሳቀ አለቀሰ፤ አንቺም በማጉያው ውስጥ መናገር አቅቶሽ ቆየሽ። ከዚያ «እሺ አጎቴ፣ አዙሬያለሁ፣ ወደ ቤት እየተመለስን ነው» ብለሽ፣ ሽቦውን ስታወጪም እያንዳንዷን መታጠፊያ ነገርሽው አሉ። እጅሽ አልተንቀጠቀጠም መቼም።

ዛሬ ወደ ቤቱ መጣ። እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ደጃፌ ላይ ቆሞ «ሹኳን! ያቺ የሽዊሸንግ ተማሪ ልትቀብረኝ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። አጥርቼ ሰማሁት። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ወጥቼ ደረቱን በጡጫ መታሁት፣ ከዚያ ደረቱ ላይ አለቀስኩ። ሽዊሸንግ ውስጥ ተቆልፎ የቀረው ድምፅ፣ ከዚህ ከሚጮኸው ሞኝ አፍ የወጣ መሰለኝ።

ማታ እጄን ታጥቤ መሠዊያው ፊት ቆምኩ። ለሽዊሸንግ ሁሉንም ነገርኩት። «አንተ ባሳየሃት መንገድ ሄዳ መድፉን መለሰችው። በተሳፋሪ የተጣላኸውን ሰው። አልቀናህም? ደስ አለህ?» ብዬ እንጨቶቹን ጣልኩ።

ሁለቱም ልሙጥ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተዘረሩ። ደግሜ ጣልኩ። እንደገናም ጣልኩ። አሁንም እየሳቀ ነው።

እናትሽ፣
ሹኳን